ለፈረንጇ ልጅ ቁጥር ያስተማሩት መምህርት ሐረገወይን ደርበው

መምህርት ሐረገወይን ደርበው ታናሽ ወንድማቸውን ሙሉነህን «በአምስት ዓመት ሕፃን ላይ ክስ የምትጽፍ፣ አንተም ወንድ ተብለህ!» ብለው በቀበሌው በር ላይ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ የሰደቡት የካቲት 6 ቀን 1989 ዓ.ም. ነው። ይህ ከታሪካቸው ይውጣ ያሉ ዘመዶች አሉ። አይወጣም።

መምህርት ሐረገወይን ከሃምሳ አለቃ ደርበው ተሰማና ከወ/ሮ በዛብሽ ወንድአፍራሽ በ1944 ዓ.ም. በነገሌ ቦረና ተወለዱ። ትምህርታቸውን ጨርሰው ከ1965 ዓ.ም. ጀምሮ በወደራና በነገሌ አስተማሩ። በ1968 ዓ.ም. ከአቶ ባስልዮስ አድማሱ ጋር ተጋብተው እስከዳርንና አምሀን ወለዱ።

በ1989 ዓ.ም. የቦረናን ባህል አጠናለሁ የምትል ፈረንጅ የአምስት ዓመት ልጇን ሊቭን ይዛ ግቢያቸው ውስጥ ሁለት ክፍል ተከራየች። ሙሉነህን ነገሩ ከመጀመሪያው አልጣመውም። ለጥናት የመጣ ሰው ልጅ ምን ያደርግለታል? እናትየዋን ደጅ የሚያቆም ሰው ሁሉ ልጅቷን «ነይ ግቢ» ብሎ ወተት ይሰጣል። ይህን ሳታውቅ ነው ያመጣቻት?

አንድ ጠዋት ሊቭ ከጎረቤታቸው ከአባባ ጎሊቻ በረት ቆማ ጥጆቹን በጣቷ እየጠቆመች «ቶኮ፣ ለመ፣ ሰዲ» ብላ ቆጠረች። ቦረና ከብቱን በመልክ በመልኩ ያውቀዋል እንጂ አይቆጥርም፣ አያስቆጥርምም፤ የተቆጠረ ያልቃል ይላል። በሳምንቱ ሁለት ጥጆች ሞቱ። ሙሉነህም፣ እናትየዋ መጠየቅ የማትችለውን በልጅ አፍ አስቆጠረች ብሎ ለቀበሌ አመለከተ። ጥናቱ ታገደ። መምህርት ሐረገወይን ግን ቀበሌ ድረስ ሄደው «ቁጥሩን ያስተማርኳት እኔ ነኝ፤ ከብት አይቆጠርም ማለቱን የረሳሁትም እኔ ነኝ» ብለው ፈረሙ። አባባ ጎሊቻም «ልጅ ናት፤ ናጋ ነው፣ ሰላም ነው» ብለው ተዉት። ስድቡ የመጣው ከዚያ ሲወጡ ነው። ሙሉነህ መልስ አጥቶ አይደለም፤ ታላቁ ስለሆኑ ዝም አለ።

ሊቭ ካደገች በኋላም በየዓመቱ ትደውል ነበር። ምን ፈልጋ እንደሆነ እስካሁን አልታወቀም።

መምህርት ሐረገወይን በስኳር ሕመም ሲታከሙ ቆይተው ጥቅምት 21 ቀን 2016 ዓ.ም. በ72 ዓመታቸው አረፉ። ከማረፋቸው ሦስት ቀን ቀደም ብለው ሙሉነህን አስጠርተው «አንተ ቀን አትረሳም፤ ታሪኬን አንተ ጻፍ። ልጆቼን ስትጠራ ግን ሊቭን እንዳትዘላት» አሉት። ሙሉነህ ወረቀት ሊገዛ ወጣ።

ልጆቻቸው እስከዳር፣ አምሀና ሊቭ ናቸው። ቁጥሩን የሚፈልግ ራሱ ይቁጠር።

ደጃቸውን በማንም ላይ እንዳልዘጉ፣ የሰማዩም ደጅ አይዘጋባቸው። አሜን።