የመለስኩት ጠርሙስ

እህት ዓለም፣

ትናንት ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር እራት ወጥተን፣ ከሜኑው ርካሹን የስፔን ቀይ ወይን እኔ አዘዝኩ። አስተናጋጁ ለኔ ብቻ ጠብ አደረገና ጠርሙሱን ታቅፎ ቆመ። የሰሰተ መሰለኝ። አለቃዬ ጠጋ ብላ፣ «ቀምሰሽ ጥሩ ነው ካላልሽ ለማናችንም አይቀዳም» አለችኝ። ቀመስኩት፤ ኮምጣጤ ነው። ይሉኝታ ቢይዘኝም «ይሄ ተበላሽቷል» አልኩ። አስተናጋጁ አሸተተው፤ ያለ አንዳች ክርክር ሌላ አመጣ። ሁለተኛው፣ በዚያ ዋጋ፣ ግሩም ነበር።

እኛ ቤት ግን «ሾርባው ጨው በዛው» ባልኩ ቁጥር፣ እማዬ «የበዛውስ ምላስሽ ላይ ነው» እያለች ታስጨርሰኝ እንደነበር ታውቂያለሽ።

ፖስት ካርዱ ሞላብኝ። ልጆችሽን ሳሚልኝ። እማዬንም ጉንጯን ሳሚያትና፣ ያ ሾርባ በእርግጥም ጨው ይበዛዋል በያት።