የተዘጋው ክፍል ዜሮ

ሐሙስ፣ ኅዳር 8 ቀን 2009 ዓ.ም.

ዛሬም በብልሽት መጠን ተጨቃጨቅን። የፋብሪካው ሪፖርቶች ሁሉ የሚሰሉት እኔ ሲስተሙ ውስጥ አንድ ቦታ በጻፍኩት ቀመር ነው፤ የተበላሸው ጨርቅ ለተመረተው ይካፈላል፣ ምርት ከሌለ ዜሮ ይጽፋል። አንደኛው የሽመና ክፍል ማሽኖቹ ከቆሙ ሰንብተዋል። ምንም አላመረተም፣ ምንም አላበላሸም። ሪፖርቱ ግን "ብልሽት ዜሮ" ብሎ ከሁሉም በላይ አስቀመጠው። ሥራ አስኪያጁ ጋሽ ታደሰም ስብሰባው ላይ "ከእነሱ ተማሩ!" ብለውን አረፉ።

"ጋሼ፣ ክፍሉ እኮ ዝግ ነው። ሥራ ከሌለ ዜሮ አይባልም፣ ባዶ ነው የሚተወው" አልኳቸው።

"ዜሮና ባዶ ምን ለያቸው?" አሉኝ። ሰው ሁሉ ሳቀ። ብሽቅ አልኩ። ጠረጴዛዬ ጋ ተመልሼ ቀመሩን ብቻዬን አረምኩት፤ ምርት ከሌለ ቦታው ባዶ ይሁን።

አመሻሽ ላይ ከታክሲ ወርጄ ግቢ ስገባ አከራዬ እትዬ ዘነበች በር ላይ ቆመው የጎረቤት ባልና ሚስት ጠብ ያዳምጣሉ።

"ያንተ ቤት ግን ተመስገን ነው" አሉኝ። "ሚስትህ ከሄደች ወዲህ አንድ ቀን እንኳ ጭቅጭቅ ሰምቼበት አላውቅም።"

ቀን ያን ያህል የተሟገትኩት ሰውዬ "አዎ እትዬ፣ ሰላም ነው" ብዬ ገባሁ።