ወደ ላይ ተወርውራ ስለቀረችው ኳስ ለዩኒቨርሲቲው ቴሌቪዥን ጣቢያ የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ የዩኒቨርሲቲው ሕዝባዊ ቴሌቪዥን ጣቢያ ዋና ሥራ አስኪያጅ
ማዶ፣ ዋናው ግቢ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎን ጤና፣ የቤተሰብዎን ጤና፣ የካሜራዎችዎን ጤና፣ በተለይም የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት ሪባን የሚቆርጡበትን ያን ዕረፍት የማያውቅ መቀስ ጤንነት በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። እኛ የደሴቲቱ ነዋሪዎች፣ ጀልባው ሲያሻው ከመቅረቱ በስተቀር፣ ደኅና ነን።

እኔ ከዚያው ከዩኒቨርሲቲዎ በታሪክ ትምህርት ተመርቄ፣ ጋዋኔን መልሼ፣ የተማርኩትን ለወገኔ አውላለሁ ብዬ በመጀመሪያው ጀልባ ወደ ደሴቴ የተሻገርኩ ወጣት ነኝ። ሥራ እስካሁን ባላገኝም ሥራ ፈትቼ አላውቅም። ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ የተገደድኩት ግን ስለ ራሴ ሳይሆን፣ በሚመጣው ወር የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና ስለምትወስደው ታናሽ እህቴ ነው። እህቴ መሐንዲስ ሆና፣ ማዕበል በመጣ ቁጥር የማይፈርስ ወደብ ልትሠራልን ታስባለች፤ ለዚህም ፊዚክስ ማለፍ አለባት። የፊዚክስ መምህራችን ወደ ማዶ ተዛውረው ከሄዱ ወዲህ ምትክ ስላልተላከልን፣ በደሴቲቱ ላይ የቀረው ብቸኛ የፊዚክስ መምህር የእርስዎ ጣቢያ ነው። ልጆቹ ከሰዓት በኋላ በዓሣ አጥማጆች ማኅበር አዳራሽ፣ መረብ በሚጠገንበት ወለል ላይ ተደርድረው፣ ከግድግዳው ጫፍ የተሰቀለውን ቴሌቪዥን አንጋጠው ይማራሉ። አንገታቸውን እንደ ቀጭኔ ያስረዘመላቸው ጣቢያ እንዲህ ያለ ውለታ ውሎ ምስጋና ሳይቀበል ቢቀር ነውር ነውና፣ ምስጋናዬን በቁጥር ከፋፍዬ አቀርባለሁ።

፩. ትምህርቱን ስለሚጀምሩልን አመሰግናለሁ። በመጀመር የሚያህላችሁ የለም። የቴሌቪዥኑ መምህር ጥያቄውን ሰሌዳው ላይ ጽፈው፣ ሥዕሉን አሳምረው ሥለው፣ “እንግዲህ መልሱን ለማግኘት” ብለው ጠመኔውን ሲያነሱ፣ ሰበር ዜና ይገባል፤ ፕሬዚዳንቱ አንድ ነገር ሊመርቁ ነው። በጣቢያዎ ደንብ መሠረት እሳቸው መቀስ ባነሱ ቁጥር ማንኛውም ፕሮግራም ቆሞ የቀጥታ ስርጭት እንደሚተላለፍ ተረድተናል፤ ደንብ ይከበር። በዚህም ምክንያት የግቢውን አዲስ በር፣ የበሩን ጥበቃ ማረፊያ፣ የመኪና ማቆሚያውን ቀለም፣ እንዲሁም ወደፊት ስለሚሠራው ሕንፃ የሚያበሥረውን የማስታወቂያ ሰሌዳ ምረቃ ከደሴታችን ሳንወጣ ለማየት በቅተናል። ልጆቹን ለማየት ሳይሆን ለወሬ ወደ አዳራሹ ብቅ የምትለው አክስቴ፣ “እነዚህ ሰዎች ሪባን ካልቆረጡ አይነጋላቸውም እንዴ?” ብላ ጠይቃኛለች፤ እኔም የታሪክ ሰው እንጂ የሪባን ሰው ስላልሆንኩ መመለስ አልቻልኩም።

፪. በይበልጥ የማመሰግነው ግን ትምህርቱ ካቆመበት ስለማይቀጥል ነው። እኛ ጭብጨባ ስናይ የትምህርቱ ቅጂ ከጀርባ ሳይቆም ስለሚሮጥ፣ ምረቃው አልቆ ስንመለስ መምህሩ ሰሌዳውን እየጠረጉ፣ “ግልጽ ነው አይደል?” ሲሉ እንደርሳለን። እጅግ ግልጽ ነው! በዚህ አሠራር በዓለም ላይ ምናልባት የመጀመሪያ የሆነ፣ ጥያቄውን ጠንቅቆ የሚያውቅ፣ መልሱን ግን ዓይቶ የማያውቅ ትውልድ አፍርታችኋል። ገና በዓመቱ መጀመሪያ መምህሩ ወደ ላይ የወረወሯት ኳስ እስካሁን አልወረደችም። ትንንሾቹ ልጆች በአዳራሹ ደጃፍ ሲያልፉ ራሳቸውን በእጃቸው ይሸፍናሉ፤ መቼ እንደምትወድቅ አይታወቅማ። ነገሩን በስልክ ለማስረዳት ስሞክር ያነጋገረኝ የጣቢያዎ የቴክኒክ ባለሙያ በትሕትና፣ “ወንድሜ፣ ትምህርት ነገም አለ፤ ምረቃው ግን ዛሬ ብቻ ነው” ብሎኛል። በማግስቱም ምረቃ ነበር።

፫. የጎደለውን ራሴ ልሙላ ብዬ ጠመኔ ይዤ መቆሜን ሳልሸሽግ እነግርዎታለሁ። ባልበላውም ጭሬ ልበትነው እንዳለችው ዶሮ ነበርኩ። ስለ ኳሷ መነሻ፣ ስለ ወርዋሪው ዘመንና ስለ አወራወሩ ማኅበራዊ ዳራ ሰፊ ማብራሪያ ሰጠሁ፤ መውረጃዋ ላይ ስደርስ ላብ አጠመቀኝ። ከኋላ የተቀመጠ አንድ ነገረኛ፣ “ጋሼ፣ አንተም መልሱ ጋ ስትደርስ ምረቃ ይመጣብሃል?” አለኝ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ፤ እህቴም ሳቀች፤ ቀድማ ያቆመችው ግን እሷ ነበረች።

፬. አሁን ወደ ትልቁ ውለታዎ ልለፍ። ባለፈው ሳምንት፣ የዓመቱ ትምህርት ባንድነት በሚከለስበት፣ ልጆቹ ሲጠብቁት በከረሙበት ዕለት፣ ጣቢያዎ በታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ ካሜራ ይዞ ወደ ደሴታችን መጣ። ጀልባው ያንገላታው ጋዜጠኛዎ ፊቱን ታጥቦ፣ ከረባቱን አስተካክሎ፣ “የርቀት ትምህርታችን ስኬት በደሴቲቱ” የተሰኘ የቀጥታ ስርጭት ሊያስተላልፍ መሆኑን አበሠረን። ልጆቹን በቁመታቸው ደረደረ፤ መረቡ ለዓይን አይማርክም ተብሎ ወደ ውጭ ተጣለ፤ “ትምህርቱ እንደገባችሁ ሆናችሁ ራሳችሁን ነቅንቁ” ተባሉ።

ከዚያ ምን ሆነ መሰልዎት? መምህሩ “እንግዲህ መልሱን ለማግኘት” ሲሉ ክለሳው ተቋረጠና የእኛው የቀጥታ ስርጭት ገባ። ቴሌቪዥን የሚያዩት ልጆቻችን በቴሌቪዥን ታዩ። ልጆቹ ልጆቹን ያያሉ፤ በእነዚያ ራስጌ ባለችው ትንሽ ቴሌቪዥን ውስጥ ደግሞ ይበልጥ የተናነሱ ልጆች ሌሎች ልጆችን ያያሉ፤ ሁሉም ራሱን ይነቀንቃል፤ ፊዚክስ ግን በአንዱም ውስጥ የለም። ጋዜጠኛው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ “እንደምትመለከቱት ተማሪዎቹ በትምህርቱ ተመስጠዋል” አለ። እህቴ እጇን አወጣች። ልትል የፈለገችው “ትምህርታችን የት ሄደ?” ነበር፤ እሱ ግን ማይክሮፎኑን ሳያስጠጋላት፣ “ለጣቢያችን ምስጋና ለማቅረብ እጃቸውን ያወጡም አሉ” ብሎ አለፈ። ስርጭቱ አልቆ ወደ ክለሳው ስንመለስ መምህሩ ሰሌዳውን ጠርገው፣ ለፈተናው መልካም ዕድል ተመኝተውልን ተሰናበቱ።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ዝም ባልኩ ነበር። ነገር ግን ያ ሁሉ ራስ ሲነቀነቅ በአየር ላይ ስለታየ፣ “ደሴቲቱ ትምህርቱን በሚገባ አጠናቃለች” ተብሎ፣ በዚህ ሳምንት ሊተላለፍ የነበረው የክለሳው ድጋሚ ስርጭት መሰረዙን ከራሳችሁ ዜና ሰማን። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይሉ የለ፤ መማራችንን የሰማነው ከሁሉ በኋላ ነው።

ክቡር ሆይ፣ ከቀልዱ ወጥቼ አንድ ነገር ልለምንዎት። እህቴ ሰነፍ አይደለችም። የተሰጣትን ግማሽ ከማንም በላይ ታውቀዋለች፤ የቀረውንም ግማሽ ለማግኘት ማዶ ተሻግሮ የሚያስጠናት ዘመድ የላትም። ሙሉው ቅጂ ጣቢያዎ መደርደሪያ ላይ እንዳለ ያው የቴክኒክ ባለሙያ አረጋግጦልኛል፤ መልሱም አለበት። ከፈተናው በፊት አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሳይቋረጥ ያሳዩን። ልጅቱ ያቺ ኳስ ስትወርድ ትያት። ይህ በደንቡ ምክንያት የማይቻል ከሆነም መላ አስቤያለሁ፤ በክለሳው ሁለተኛ ግማሽ መግቢያ ላይ ሪባን ይታሰርና ፕሬዚዳንቱ በክብር መርቀው ይክፈቱልን፤ ያን ጊዜ በቀጥታ ስርጭት እንደሚተላለፍ አንጠራጠርም።

የጣቢያዎ ማማ ከፍ እንዳለ እንዲኖር፣ መቀሱም ለጥቂት ሰዓት እንዲያርፍ እየተመኘሁ፣ ጥርሴን በአክብሮት ነክሼ እጅ የምነሣ፣

ከመልሱ በቀር ምንም ያላመለጠው ታማኝ ተመልካችዎ፣
የአንዲት ተፈታኝ ወንድም

ማሳሰቢያ፦ እህቴ ደብዳቤውን ከትከሻዬ በላይ አንብባ፣ “ግማሹን ብቻ ላክላቸው፣ እነሱም ይቅመሱት” ብላኝ ነበር። እኔ ግን በጣቢያዎ ውስጥ አንድ የተጀመረ ነገር አልቆ የታየበት ጊዜ ቢያንስ አንድ እንዲሆን ብዬ፣ ይኸው እስከ መጨረሻው ጽፌዋለሁ። ግልጽ ነው አይደል?