ሰውየው

ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 8፣ 2011
ሃርልስደን

ከንፈሬ አብጦ ሻይ እንኳን አላስጠጣ አለኝ።

የሥራ ባልደረባዬ ናዲያ አልጄሪያዊት ናት። በእንግሊዝኛ የጻፈችውን ልብ ወለድ እንዳነበው ሰጥታኝ ነበር። ታሪኩ ውስጥ ኦራን የምትባል የአልጄሪያ ከተማ ያለች ሴት ሥራ እንዳትሄድ ባሏ ይከለክላታል። ዛሬ ከሰዓት ለእህቴ ለሮማን በስልክ ወደ አማርኛ እየመለስኩ አነበብኩላት። ሴትዮዋ በመጨረሻ ቤቱን ጥላ ስትወጣ እንድትሰማልኝ ፈልጌ ነበር። እዚያ አልደረስንም።

«ሰውየው እጇን በሩ ላይ ይዞ በሩን ደረገመው» ስል ባሌ ኮሪደሩ ላይ ቆሞ ይሰማኝ ኖሯል። ስልኩን ከእጄ መንጭቆ ግድግዳው ላይ ፈጠፈጠው።

«ገመናዬን ለቤተሰብሽ ትዘከዝኪያለሽ?» ብሎ በጥፊ አጮለኝ።

«ድርሰት ነው! የአልጄሪያ ሰው ነው!» ብዬ ጮህኩ።

«ታዲያ የእኛን ጉድ ማን ነገራት?» ብሎ ደገመኝ።

ለናዲያ ትንፍሽ ብዬ አላውቅም። የግራ እጄ ጣት ለምን እንደማይታጠፍ ስትጠይቀኝ እንኳን ደረጃ ላይ ወድቄ ነው ያልኳት።

ድርሰቱ ውስጥ ያለው ባል ስም የለውም። እኔም ሰውየው ከማለት በቀር የማንንም ስም አልጠራሁም። አቤት ያለው እሱ ራሱ ነው።