ሳይንኳኳ የሚከፈት በር

ልጄ ሬሕማ፣ አላህ ባለሽበት ይጠብቅሽ፤ በሰው አገር ሞገስ ይስጥሽ። እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴም ተሽሎኛል፣ የካርቱም ሙቀት ብቻ አልተቻለም።

ጀብራ ሰፈር ካለው ከአሠሪዬ ግቢ ወጥቼ ዴም የሚባል ሰፈር ክፍል ተከራይቻለሁ። ማዳሜ «ክፍሉ የኛ ነው» እያለች ሰላት ላይ ሆኜ እንኳ ሳታንኳኳ ትገባብኝ ነበር። እኔስ ሰው አይደለሁ? ልወጣ ነው ስላት «እንግዲያው ሥራውንም ተይው» አለችኝ፤ ተውኩት።

ትናንት ራሷ ዴም ድረስ መጥታ በሬን አንኳኳች። እየሰገድኩ ነበር። ሳልቸኩል እስክጨርስ ውጭ ቆማ ጠበቀችኝ። «ወደ ሥራሽ ተመለሽልኝ» አለችኝ፤ እሺ አልኳት። ነገ ሥራ እገባለሁ፤ ማታ ግን ወደ ቤቴ ነው።

አንቺም የምታድሪው አሠሪዎችሽ ቤት ነው። አደራ ልጄ፣ ለክፍልሽ ከውስጥ የሚዘጋ መቀርቀሪያ ጠይቂያቸው። እሺ ካሉሽ ቶሎ ንገሪኝ፤ እስከዚያ እኔም እንቅልፍ አይወስደኝም። ዱዓዬ አይለይሽ።

እናትሽ ሙሚና