አምስት ሰዓት ከአርባ ደቂቃ የፈጀው «ወዲያውኑ»

ለአባል አገራት የጋራ ጸጥታና መከላከያ ፖሊሲ ኮሚቴ
ባላችሁበት

ክቡራትና ክቡራን፣

ጤናችሁ እንደምን ሰንብቷል? እኔ የደም ግፊቴ ትንሽ ከፍ ከማለቱ በቀር ደኅና ነኝ። እናንተም ከረጅሙ ስብሰባ ወገባችሁን ሳያማችሁ፣ ጉሮሯችሁም ሳይደርቅ፣ ከልጆቻችሁ ጋር በሙሉ ጤንነት እንድትኖሩ ከልብ እመኛለሁ። ከልጆቻችሁ ጋር ያልኩት አስቤበት ነው።

በአንድ የቴክኒክ ኮሌጅ የመሬት ቅየሳ አስተምራለሁ። ልጄ በጋራ ጦራችሁ ውስጥ የድልድይ መሐንዲስ ነበረች። አንድ አገር በቅጡ ያልጠበቀውን ሰው ስምንት አገር ተሰብስቦ እንዴት ይጠብቀዋል ብዬ ስከራከራት፣ «አባዬ፣ አንተ እኮ የምትፈራውም በሚሊሜትር እየለካህ ነው» ብላ እናቷን አሳቀችብኝ። ለእረፍት ስትመጣ የስምንታችሁ ባንዲራ የተሰፋበትን ሸሚዝ ማንም እንዲነካባት አትፈልግም ነበር፤ ካውያ የምታደርገው ራሷ ነበረች። ታምናችሁ ነበር ማለቴ ነው።

ባለፈው ዓመት የተሰበረ ድልድይ ልትጠግን በሄደችበት፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከአስር ላይ የተቀበረ ፈንጂ ግራ እግሯን መታት። ከአራት ወር በኋላ የላካችሁልን የሐዘን መግለጫ «ሕይወቷ ወዲያውኑ አልፏል» ይላል። ስለ ወረቀቱ ጥራትና ስለ ስምንቱ ፊርማ አመሰግናለሁ፤ አራቱ ወር ያለቀው የማን ፊርማ ከማን ይቅደም በሚለው ላይ እንደነበረም ሰምቻለሁ።

እኔም ቃላችሁን አምኜ ተጽናናሁ። አባት የሚጽናናበት ነገር እንደዚህ ትንሽ ሊሆን እንደሚችል ከእናንተ ተማርኩ። አልተሰቃየችም እያልኩ መተኛት ጀመርኩ። ከዚያ አብሯት የነበረው ሾፌር ኮሌጅ ድረስ መጣና አጠገቤ ተቀምጦ እውነቱን ነገረኝ። እግሯን በራሱ ቀበቶ አስሮላት ነበር። በየሩብ ሰዓቱ ሄሊኮፕተሩ ተነሳ ወይ ብላ ትጠይቀዋለች፤ እሱም ተነስቷል፣ መንገድ ላይ ነው ይላታል። ስምንት ሰዓት ላይ፣ «አንተ ሰውዬ፣ በእግሩ ነው እንዴ የሚመጣው?» ብላ ሳቀችበት። ይህን ሲነግረኝ እሱም ሊስቅ ሞክሮ ነበር። ያረፈችው ዘጠኝ ሰዓት ከሃምሳ ላይ ነው።

ለእናቷ እንዳይነግራት ለመንኩት። አንገቱን ደፍቶ እሺ አለኝ።

ቀጥዬ ሰነዶቹን እንድትልኩልኝ ጻፍኩላችሁ፤ እናንተም ለግልጽነት ካላችሁ ፍቅር የተነሳ አሥራ ዘጠኙንም ገጽ፣ እያንዳንዱ ሰዓቱ ተመዝግቦበትና ማኅተም ተደርጎበት፣ አንድም ሳታጎድሉ ላካችሁልኝ። ከሐዘን መግለጫችሁ ጋር እንደሚጋጭ ማንም ልብ አላለውም መሰለኝ። ስላገኘሁት ነገር ቅሬታዎቼን በትሕትና እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

1. ሄሊኮፕተሩ ከልጄ የአሥራ ስምንት ደቂቃ በረራ ርቀት ላይ፣ በሌላ አባል አገር የጦር ሰፈር ቆሞ ነበር። አብራሪው የራስ ቁሩን አጥልቆ መቀመጫው ላይ ነበር። ይሁን እንጂ በደንባችሁ የአንዱ አገር ሄሊኮፕተር የሌላውን አገር ቁስለኛ የሚያነሳው ስምንታችሁም ስትፈቅዱ ነው። ፈቃዱም የሚገኘው በዝምታ ነው፦ ረቂቁ ለሁሉም ይላካል፣ በሁለት ሰዓት ውስጥ ማንም መልስ ካልጻፈ ሁሉም እንደተስማማ ይቆጠራል። ረቂቁ አራት ከአርባ ላይ ወጣ። ስድስት ከአርባ ላይ ፈቃድ ይሆን ነበር። የቀዶ ሕክምና ሐኪሙ ልጄ እስከ ሰባት ሰዓት ተኩል ሐኪም ቤት ብትደርስ ትተርፍ እንደነበር በጽሑፍ አረጋግጧል፤ አሥራ አራተኛው ገጻችሁ ነው።

2. ስድስት ሰዓት ከሃያ አምስት ላይ፣ አሥራ አምስት ደቂቃ ሲቀር፣ ከመካከላችሁ አንድ ጨዋ ተወካይ እንዲህ ብሎ ጻፈ፦ «መልእክቱ ደርሶናል፤ እናመሰግናለን። ለቁስለኛዋ ፈጣን ማገገም እንመኛለን።» ደንቡ ማንኛውም መልስ ዝምታውን ያፈርሳል ስለሚል ዝምታው ፈረሰ። ሰውየው መቃወሙ ይሁን ማመስገኑ እንዲጣራ ሰባት ተኩል ላይ ስብሰባ ተጠራ። ማመስገኑ መሆኑ በሙሉ ድምፅ ጸደቀ። ስምንት ከአስር ላይ ረቂቁ አንድም ቃል ሳይለወጥ እንደገና ተላከና ሁለቱ ሰዓት ከመጀመሪያው ተቆጠረ። ፈቃዱ ልክ አስር ከአስር ላይ፣ አንዲት ደቂቃ ሳይዛነፍ ደረሰ። በሥራዬ ልክነትን የምወድ ሰው ነኝና ይህን ሳላደንቅ ማለፍ አልቻልኩም። ልጄ ከሞተች ሃያ ደቂቃ አልፏት ነበር።

ስልክ የነበረው ሰው በመካከላችሁ አልነበረም ወይ? ይህ ቅሬታ አይደለም፤ ጥያቄ ብቻ ነው። ለሰውየው ደውሎ፣ ወንድሜ፣ ይህቺን መልስህን አንሳት፣ ሰው እየሞተብን ነው የሚል አንድ ሰው? አሥራ ዘጠኙን ገጽ ደጋግሜ ፈልጌ አጣሁት።

3. በዚህ ሁሉ ነገር የተቀጣ አንድ ሰው አለ፤ ሾፌሩ ነው። ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ በጋራው ሬዲዮ፣ «እናንተ ልጅ አልወለዳችሁም እንዴ?» ብሎ በመጮሁ፣ ለጋራ የመገናኛ መስመር የማይመጥን ንግግር ተናግሯል ተብሎ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ በማኅደሩ ገብቶበታል። ለዚህ ማስጠንቀቂያ የስምንቱ አገር ስምምነት አላስፈለገም፤ በማግስቱ ደርሶታል። ለካ መፍጠንም ትችሉበታላችሁ።

የምለምናችሁ ካሳ አይደለም፤ ሐውልትም አይደለም። የሾፌሩን ማስጠንቀቂያ አንሱለት። ምስጋናን ከተቃውሞ የሚቆጥረውን አንቀጽ ቀይሩት፤ የሌላ ሰው ልጅ ዛሬ በዚያው መንገድ ላይ ናትና። ከሐዘን መግለጫውም «ወዲያውኑ» የሚለውን አውጥታችሁ «ከአምስት ሰዓት ከአርባ ደቂቃ በኋላ» ብላችሁ እንደገና ፈርሙልኝ። እነዚያ ሰዓታት የልጄ ናቸው። ኖራባቸዋለች፣ ጠብቃችሁባቸዋለች፣ ቀልዳባቸዋለች። ከዕድሜዋ ላይ የመቀነስ ሥልጣን በየትኛው አንቀጽ እንደተሰጣችሁ አላገኘሁም።

የፖሊሲያችሁ ሠላሳኛ ዓመት ሲከበር አዳራሻችሁ እንዲሞላ፣ ንግግራችሁም እንዲያምር እየተመኘሁ፣ ለጋራ ጸጥታችን ስለምታሳዩት የማያቋርጥ ትዕግሥት በጥልቅ አክብሮት እጅ እነሣለሁ።

በእናንተ ታምና የነበረች የአንዲት የድልድይ መሐንዲስ አባት

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ደብዳቤ ለጋዜጣ ከመስጠቴ በፊት ለእናቷ ማንበብ ግድ ሆነብኝ። እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። ታውቅ ነበር። ሾፌሩ እኔ ዘንድ ከመምጣቱ በፊት ባለው ቀን ቤት ሄዶ ሁሉን ነግሯት ኖሯል፤ እሷም፣ «ለአባቷ ግን እንዳትነግረው፣ አይችለውም» ብላ አስምላዋለች። ዘጠኝ ወር ሙሉ በአንድ ገበታ ፊት ለፊት እየተቀመጥን፣ እኔ ለእሷ፣ እሷ ለእኔ ስንል፣ አንድም ቀን ስብሰባ ሳንጠራ ለእናንተ ውሸት በጋራ ስንከላከልለት ከርመናል። በሠላሳ ዓመት ውስጥ የጋራ መከላከያችሁ የሠራበት ቤት ቢኖር የእኛ ቤት ነው።