የእህትህ ስም

ልጄ ኢናሊ፣ የሰማዩ አባት ከሰሜኑ ብርድ ይከልልህ፤ የአስተማሪዎችህን ልብ ያራራልህ። እዚህ በእኛ በቼሮኪ ሕዝብ ምድር ደህና ነን። በቆሎው ገብቷል፤ አጎትህም ጉልበቱን እያሻሸ ያጉረመርማል።

እንደጻፍኩልህ እህትህን ሳላሊን ኩፍኝ ወሰደብን። የትምህርት ቤቱ ሚሲዮኖች ሃና ይሏት የነበረው፣ ከሰሜን ልብስ በምትልክላት ሴትዮ ስም ነው። ሴትዮዋ መላኳን እንዳታቆም ብለው ስሙን ለአንዲት የሙት ልጅ ሰጡት።

ትናንት በትምህርት ቤቱ ደጅ ሳልፍ መምህርቷ፣ «ሃና! ኧረ ቶሎ ነይ፣ አንቺ ልጅ!» ስትል፣ እኔ ሞኟ ሳላሊን ፍለጋ ዞር አልኩ። ልጅቱ ያ ከሰሜን የመጣው ቀሚስ ረዝሞባት እየተደናቀፈች መጣች። እሷ ምን አጠፋች? ቁጭ ብዬ ጠርዙን አሳጠርኩላት።

አንተንም እዚያ በሰው ስም እንደሚጠሩህ አውቃለሁ። አምላክ በሰላም ሲመልስህ ግን፣ ከወንዙ ማዶ ሆነህ «እማ፣ ኢናሊ ነኝ» በለኝ። ያንን ስም ለማንም አልሰጠሁም።

እናትህ